ሲፓፕ (በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እንዳይቋረጥ የሚረዳ መሣሪያ) አዲስ አበባ ላይ፦ ከዘጠኝ ወር አጠቃቀም በኋላ

ባለቤቴ አንድ ሌሊት ስልኳን ይዛ ቆጥራብኛለች። ማንኮራፋቴ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ሰከንድ ያህል ትንፋሽ የሚባል ነገር አይሰማም፤ ከዚያ ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው አየሩን በኃይል ስቤ ማንኮራፋቱን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላስታውስም ነበር፤ ጠዋት አፌ ደርቆ፣ ራሴን ከብዶኝ እነሣና ቢሮ ስብሰባ ላይ፣ ያውም ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ዱካክ ነው» ብላ ጸበል እንድጠመቅ መከረችኝ። ጸበሉን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን ዱካክ የምንለው ሰው ነቅቶ ሳለ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፣ ደረቱ ላይም አንዳች ነገር የተጫነው ሲመስለው ነውና የደረሰበት ሰው ጠዋት ራሱ ያወራዋል። የእኔው ችግር የተኛው ሰው የማያውቀው፣ አጠገቡ ያለው ግን ቁጭ ብሎ የሚያድርበት ነው።

እኅቴን ልጠይቅ ሜሪላንድ በሄድኩበት ጊዜ እቤት በሚደረግ ምርመራ አንድ ሌሊት አደርኩ፤ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫዬ ሥር ቀጭን ቱቦ ነበር። ውጤቱ በሰዓት 34 ሆነ። ይህ ቁጥር ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የተቋረጠበት ወይም በእጅጉ የቀነሰበት ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ላይ ከ5 በታች ከሆነ ደህና፣ ከ30 ካለፈ ደግሞ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ሐኪሙ ሲፓፕ አዘዘልኝና መሣሪያውን ይዤ ተመለስኩ። የአምራቹን ስም እዚህ የማልጠቅሰው የምናገረው በአብዛኛው በሌሎቹም ዓይነቶች ላይ የሚሠራ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶች ሁሉ የተሳሳቱበትን ነገር ላንሣ፤ ሲፓፕ የኦክስጅን መሣሪያ አይደለም። የክፍሉን አየር ራሱን ስቦ፣ በመጠኑ ገፋ አድርጎ በቱቦና በማስክ በኩል ወደ አፍንጫ የሚልክ ትንሽ ማራገቢያ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ እንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ላይ ደግሞ ከመላላት አልፎ መንገዱን ይዘጋዋል፤ የአየሩ ግፊት ያንን መንገድ ከውስጥ ደግፎ ክፍት ያደርገዋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። የእኔው መሣሪያ ግፊቱን እንደ ሌሊቱ ሁኔታ ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁም ከፍሪጅ ድምፅ ያነሰ ነው።

መሣሪያውን ሳይሆን ማስኩን ነው በጥንቃቄ መምረጥ የሚገባው። ይህን ያወቅሁት ግን ሁለት ሳምንት ከተሠቃየሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የደረሰኝ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍነው ዓይነት ነበር፤ ያውም ሻጩ ካዘዝኩት ልክ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ልኮልኝ። ጢሜ ባለበት በኩል አየሩ እየሾለከ ዓይኔ ውስጥ ይነፍስብኛል፤ እንዳይሾልክ ማሰሪያውን ሳጠብቀው ደግሞ አፍንጫዬ አጥንት ላይ እስከ ምሳ ሰዓት የማይጠፋ ቀይ መስመር ያሰምርብኛል። በሦስተኛው ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ አውልቄ ወርውሬው ኖሮ፣ ጠዋት ከአልጋ ሥር አገኘሁት። ከዚያ በኋላ አፍንጫን ብቻ ወደሚሸፍነው ለወጥኩና ነገሩ በአንድ ጊዜ ተስተካከለ። አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው ይህኛው እንደማይሆን ግን መታወቅ አለበት፤ አየሩ በአፍ ይወጣና ግፊቱ ከንቱ ይቀራል።

አዲስ አበባ ላይ የሚገጥሙት ችግሮች ግን በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የተጻፉ አይደሉም። ስለ ኤሌክትሪኩ መጠን አይታሰብ፤ የመሣሪያው አዳፕተር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ስላለ የሚያስፈልገው የሶኬት ማቀያየሪያ ብቻ ነው። ስለ ከፍታውም ቢሆን የእኔው መሣሪያ እስከ 2,590 ሜትር ድረስ ግፊቱን ራሱ ያስተካክላል፤ ከተማችን በአማካይ 2,355 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትበቃዋለች፤ 3,000 ሜትር የሚያልፈው እንጦጦ ላይ ለማደር የሚያስብ ግን ቢጠይቅ ይሻላል። ዋናው ጣጣ የመብራት መጥፋት ነው። መብራቱ ሲሄድ ማስኩ ራሱ የአየር ቀዳዳ ስላለው አያፍንም፤ ነገር ግን ራሴ ያወጣሁትን አየር መልሼ እየተነፈስኩ እነቃለሁ፤ ማስኩን አውልቄ ከተኛሁ ደግሞ የድሮው ማንኮራፋት ይመለሳል። ለዚህ ብዬ የኮምፒውተር ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ገዛሁ። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ እንደ ልማዱ እየጮኸ እኔንም፣ ባለቤቴንም፣ በሚቀጥለው ክፍል የተኙትን ልጆችም ቀሰቀሰ። በማግሥቱ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ድምፁን አጠፋልኝ። የአየሩን ማሞቂያና እርጥበት ሰጪ ክፍል ካጠፋሁ፣ ኃይል የሚበሉት እነሱ ስለሆኑ፣ ባትሪው በጣም ይቆያል።

የእርጥበት ሰጪው ውሃም ሌላ ራስ ምታት ነው። መመሪያው ጨርሶ ማዕድን የሌለበት፣ በትነት የተጣራ ውሃ ይላል። በየማደያው የሚሸጠውን የመኪና ባትሪ ውሃ ለዚህ ማዋል አይገባም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ነውና ምን እንደተቀላቀለበት ሳይታወቅ አይሆንም። እኔ የታሸገ ውሃ አፍልቼ አቀዝቅዤ እጠቀማለሁ፤ ከታች ነጭ ዝቃጭ ሲይዝ በውሃ ባቀጠንኩት አቼቶ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። የአየር ማጣሪያውን በተመለከተ፣ ከጎናችን ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ፣ ነጭ ሆኖ የገባው ጨርቅ በሁለት ሳምንት የሲሚንቶ ቀለም ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ። በሁለተኛው ወር መሣሪያው ጠዋት ጠዋት የሚያሳየኝ ቁጥር ከ34 ወደ 3 ወረደ፤ ባለቤቴም ከልጆቹ ክፍል ተመለሰች፤ ስብሰባ ላይ መተኛቱም ቀረ። የደም ግፊት ኪኒኔን ግን አላስቀረልኝም፤ ያስቀራል የሚል ሰው ካለ አይመኑት። በተጨማሪም ሳልጠብቀው የቀረ አንድ ነገር ነበር፤ ትንፋሼ ተስተካክሎም እንኳ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያ እያየሁ የማነጋበት ሌሊት ብዙ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። መሣሪያው የተዘጋውን ጉሮሮ ይከፍታል እንጂ እንቅልፍ አያመጣም።

የእኔ እንቅልፍ ማጣት መነሻው በአብዛኛው እቤት ነበር። ከሥራ እንደገባሁ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ ቡና ይፈላል፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም ሳላስቀር እጠጣለሁ። ከጠጣነው ካፌን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ ስወጣ ከሦስቱ ስኒ አንድ ተኩሉ አብሮኝ ይተኛ ነበር ማለት ነው። አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አልጠጣም። ይህ እንደ አባባሉ ቀላል አይደለም፤ ከጎረቤት ቡና ላይ «አልጠጣም» ብሎ መነሣት እንደ ኩርፊያ ስለሚቆጠር ለጥቂት ሳምንታት ምክንያቴን ማስረዳት ነበረብኝ። ሁለተኛው ለውጥ የመነሻ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜም እሑድም ሳይቀር ጠዋት 12 ሰዓት እነሣለሁ፤ የእሑድ ከሰዓት ረጅም እንቅልፌንም ትቻለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቄ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋው ውስጥ አልገላበጥም፤ ጋቢዬን ደርቤ ሳሎን እቀመጣለሁ፤ ስልኬን ግን አልነካም። መጠጡንም መሣሪያው ራሱ አጋለጠኝ፤ በአንድ ሠርግ ማግሥት ስመለከተው፣ ሌላ ጊዜ 9 ላይ የሚቆመው የግፊት መጠን 13 ደርሶ ነበር። አረቄ እንቅልፍ ይጥላል እንጂ ጉሮሮንም አብሮ ያላላል።

እንግዲህ መግዛት ይገባል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ እንደ ምርመራው ውጤት ይለያያል። ስላንኮራፋ ብቻ ሳይመረመር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሊያባክን ይችላል፤ በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስና ማታ መጠጥ መተው ብቻቸውን የሚበቁት ሰው ብዙ ነው። ትንፋሹ እየተቋረጠ፣ ቀን መኪና ሲነዳ እንቅልፍ የሚያዳፋው ሰው ግን ነገ ዛሬ ሳይል ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ያገለገለ መሣሪያ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ማስኩን፣ ቱቦውንና ማጣሪያውን በአዲስ ይቀይር፤ ግፊቱንም በራሱ ግምት አይሙላ። እኔ በበኩሌ ወደ ሜሪላንድ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ደርዘን ማጣሪያና ሁለት የማስክ ትራስ (ፊት ላይ የሚያርፈውን ለስላሳ ክፍል) አስልካለሁ፤ እኅቴም መጽሐፍ ወይም ጫማ ባለማዘዜ መገረሟን እስካሁን አልተወችም።