አምፖል የሚፈጀው የጣሪያ ፋን፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ደሴ ለሚኖር ሰው የጣሪያ ፋን ቅንጦት ነው። ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለገባ ግን፣ በተለይ የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ያለ ፋን ቀትሩ አይገፋም። ሳሎን የሰቀልነው ባለ 3 ፍጥነት ነው፤ ከሥሩ ነጣ ባለ ብርጭቆ የተከደኑ 3 አምፖሎች አሉት። በነፋሱ በኩል ቅሬታ የለኝም። በ1ኛው ፍጥነት ድምፁ አይሰማም። በ3ኛው የከሰሉን አመድ ስለሚያነሳ ከአቦል እስከ በረካ ዝቅ ማድረግ ግድ ነው።

ችግሩ መብራቱ ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ዓመት የሚያገለግለው አምፖል እዚህ ወር ሳይሞላ ይቃጠላል። ባለሱቁ «አምፖሉ ነው እንጂ ፋኑ ምን አለበት፣ ወንድሜ» እያለ ሌላ ይሸጥልኛል። ርካሹ ቶሎ መሄዱ ባይገርምም ውዱም አልተረፈም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መወዛወዙን ነው። የየክንፉን ጫፍ ከኮርኒሱ ያለውን ርቀት በሜትር ስለካ አንዱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ የክንፎቹን አቧራ ጠረግኩ፣ ቀለል ባለው ክንፍ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ለጠፍኩ፤ ረጋ አለ። ባለ ክሩ አምፖል እንዲህ ያለውን ንዝረት አይችልም፣ የጋለው ክር ይበጠሳል። ኤልኢዲው ክር ባይኖረውም ንዝረቱ ቀስ በቀስ ከጥርሱ ያላላዋል።

ቀጥሎ ብሬከሩን አውርጄ አንዱን አምፖል ፈታሁ። ከታች ያለችው የእርሳስ ነጥብ ጠቁራለች። መያዣው ውስጥ ያለችው የናስ ምላስ ደግሞ ወደ ውስጥ ተጨፍልቃ አምፖሉን በደንብ አትነካም፤ በክፍተቱ ብልጭታ እየተፈጠረ ሁለቱንም ያቃጥላል። ምላሷን በካቻቢቴ ጫፍ በጥቂቱ ቀና አደረግኳት። ብሬከሩ ሳይወርድ ግን ማንም እጁን እንዳያስገባ።

ዋናው ጥፋት ግን ሙቀቱ ነው ባይ ነኝ። የኤልኢዲ ኤሌክትሮኒክስ ያለው አንገቱ ውስጥ ነው። ፋን ላይ አምፖሉ ተዘቅዝቆ ስለሚንጠለጠል ሙቀቱ ሽቅብ ወደዚያው አንገት ይሄዳል፤ ብርጭቆው ዙሪያውን ሲዘጋበት መውጫ ያጣል። ካርቶኑ ላይ 15,000 ሰዓት ይላል፣ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ከ8 ዓመት በላይ ማለት ነው። ይህ ግን አየር ለሚያገኝ አምፖል እንጂ ድስት ውስጥ ለተከደነ አይደለም። ክዳኖቹን አንስቼ ዋቱን ዝቅ ካደረግኩ ወዲህ አንድም አልተቃጠለም።

የኃይሉ መዋዠቅም አለ። ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ፋኑ ይደክማል፤ ሌሊት ሁሉም ሲያጠፋ ቮልቴጁ ሽቅብ ይላል። ባለ ክሩ አምፖል ከተጻፈበት በ5 በመቶ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ሲሠራ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። መብራቱ በፋኑ ፍጥነት መቀየሪያ በኩል የተቀጠለ ከሆነም ኤሌክትሪሺያኑ ለብቻ መስመር ይሳብለት፤ ተራ ኤልኢዲ የተቆራረጠ ኃይል አይወድም።

ባቲና ኬሚሴ ላላችሁ ዘመዶች፦ ፋኑን ግዙ፣ መንጠቆው ግን ኮርኒሱ ላይ ሳይሆን ወራጁ ላይ ይታሰር። መብራት የሌለውን ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ ለመብራቱ ግድግዳ ላይ ሌላ ስቀሉ። ባለ መብራቱን ካልሆነ ለማትሉ፣ ክዳኑ ከታች ክፍት የሆነውን ፈልጉ።