ሳቢያን ቤት ለምትፈልጉ፦ "ቀብድ አልቀበልም፣ ቃል ይበቃል" የሚላችሁን ሻጭ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አድሬ ነው። ነገሩ የሆነው ትናንት ከሰዓት ነው፤ ደሜ እስካሁን አልበረደም። ድሬዳዋ ላይ፣ በተለይ ሳቢያን አካባቢ ቤት ለመግዛት የምትዞሩ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ደላላውን አልገልጽላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። "ሌላ ገዢ ማታ ሊያየው ነው፣ ፍጠኚ" የሚለው። ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ስልክ የማያነሳው። ባለቤቱን "እንደ አባቴ ነው" የሚለው። ሻጩንም ታውቁታላችሁ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ገና በሩ ላይ "ግቢ ልጄ፣ ሙቀቱ ገደለሽ" ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስቀርብ።

ቤቱ 160 ካሬ ላይ ነው ያረፈው። ሦስት ክፍል፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ። ድሬ ላይ ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዛፉ ሥር እንደቆምኩ ልጆቼ እዚያ ሲሯሯጡ ታዩኝ። ልቤ እዚያው ቀረ። ደላላውም ይህንን አይቷል፣ ዛሬ ነው የገባኝ።

እኔ ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። በ1998 ክረምት ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ እኛ ነፍሳችን ተረፈች፣ ቤታችን ግን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኪራይ ነው። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አከራይ ወደ ሌላው። አሁንም ማታ ዝናብ ሲጥል እናቴ አትተኛም፣ ተነስታ በር ላይ ትቀመጣለች። ከደቻቱ ራቅ ያለ የራሳችን ቤት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ሻጩ ያውቅ ነበር። እኔው ራሴ ነኝ የነገርኩት። ውሃውን እየጠጣሁ፣ ልክ ለአባቴ እንደማወራ አወራሁት።

4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አለ። እኔ 3 ሚሊዮን 800 ሺህ አልኩ። ዝም ብሎ ቆየና "ዋጋሽ መጥፎ አይደለም ልጄ፤ ግን ባለቤቴ ጅቡቲ ልጃችን ጋ ናት። ያለ እሷ ቃል አልሰጥም" አለኝ። እውነቱን ለመናገር አከበርኩት። የባልና ሚስት የጋራ ቤት አንዱ ብቻውን መሸጥ እንደማይችል አውቃለሁ። ሚስቱን ሳያማክር የሚሸጥ ስንት ሰው አለ? ይሄኛው ሕግ የሚያውቅ፣ ትዳሩን የሚያከብር ሰው ነው አልኩ።

ከቦርሳዬ 100 ሺህ ብር ቀብድ አወጣሁ። እጄን መልሶ ገፋው።

"ከአንቺ ቀብድ አልቀበልም። በእኔና በአንቺ መካከል ገንዘብ አይግባ። ቃል ይበቃል።"

ቀጥሎ ደግሞ፣ "ብቻ ዋጋሽን በወረቀት ጻፊልኝ፤ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ እልክላታለሁ" አለ።

ከዱቤ ደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ 3,800,000 ብዬ ጻፍኩ። ስሜን፣ ስልኬን ጨመርኩ። ፈረምኩ። በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ቀብድ እንዴት አልቀበልም ይላል?" ተቆጣሁት። "ሰው ሁሉ ተንኮለኛ ይመስልሃል" አልኩት። ዝም አለ። ያ ዝምታው ዛሬ ነው የሚያቃጥለኝ። እኔ ታይዋን ገበያ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ዋጋ ስከራከር የምውል ሰው ነኝ። ሻጭ ገንዘብ አልፈልግም ሲል ለምን እንደሆነ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

19 ቀን ጠበቅኩ። "ጁምዓ ይለፍ።" "ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው።" "ልጁ ታሞባት ነው፣ እንዴት አሁን ስለ ቤት አወራታለሁ?" ለልጁ ጸልያለሁ። አቦ፣ እውነቴን ነው፣ ጸልያለሁ።

በእነዚህ 19 ቀናት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን እንዲለቅልኝ 40 ሺህ ብር ከፈልኩት። የሰርጌን አምባሮች ሸጥኩ። ደላላው "ለመንገድና ለካርታ ማጣሪያ" ብሎ 15 ሺህ ወሰደ። ለገሀሬ በኩል ሌላ ቤት ነበረ፤ ባለቤቷ ቀብድ ልትቀበለኝ፣ ውል ልትጽፍልኝ ዝግጁ ነበረች። ሁለቴ ደወለችልኝ። "ቃል የሰጠሁት ሰው አለ፣ ይቅርታ" አልኳት። ያ ቤት ባለፈው ሳምንት ተሸጠ።

ትናንት አስር ሰዓት ላይ ደላላው ደወለ። "መልስ መጥቷል፣ ቶሎ ነይ" አለኝ። ሱቁን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ወጣሁ። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሐልዋ ገዛሁ።

ሳሎን ስገባ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ፊቱ ጠረጴዛ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። ብርጭቆው የተቀመጠው በእኔ ወረቀት ላይ ነው።

መጀመሪያ ያወቅኩት የደብተሩን መስመር ነው። ቀረብ ስል የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። የብርጭቆው ላብ ወርዶ የመጨረሻዎቹን ዜሮዎች አርሷቸዋል፣ ሰማያዊው ቀለም ተስፋፍቷል። ከሥሩ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ 4,050,000 ተጽፏል።

ምንም ሳልናገር መጋረጃው ተገለጠና አንዲት ሴት ፔርሙስ ይዛ ገባች። ግድግዳው ላይ ትልቅ የሰርግ ፎቶ አለ፤ ያን ዕለት ውሃዬን እየጠጣሁ ሳየው ነበር። ዕድሜ ከመጨመሩ በቀር ያችው ናት።

"እንኳን ደህና ገቡ እትዬ። ከጅቡቲ መቼ መጡ?" አልኳት።

"የምን ጅቡቲ?" አለችኝ። ከዚያ ባሏን አየችው። እሱ ቬንትሌተሩን ቀና ብሎ አየ።

ከዚህ በላይ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ሴትየዋ እኮ ያን ጊዜም ጓዳ ውስጥ ነበረች ማለት ነው። የጠጣሁትን ውሃ የቀዳችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ሰውየው ድምፁን እንኳ አልቀየረም። "ተቀመጪ ልጄ። ወንድማችን አራት ከሃምሳ ብሏል። አንቺስ ምን ትጨምሪያለሽ?"

"ጋሼ፣ ቃል ይበቃል ብለውኝ ነበር" አልኩት።

"ምን ተቀባበልን? ከእጅሽ ሳንቲም ወስጃለሁ? ገበያ ነው እኮ። ታይዋን የምትነግድ ልጅ ይህንን እኔ ላስተምርሽ?"

ደላላው ሳቀ። ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል ነው የሳቀው።

ታይዋን ላይ አንድ ሰው "ያዢልኝ" ያለኝን ቀሚስ ለሌላ ሰው ሸጬ አላውቅም። ይህን ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። "ወረቀቴን ስጡኝ" ብቻ አልኩ። ሰውየው "ምን ያደርግልሻል? ተይው" አለ። ብርጭቆውን አንስቶ ወረቀቱን ያቀበለኝ ያ ገዢ ነው። አይኔን አላየኝም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። እሱም ያኔ የገባው ይመስለኛል።

ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ሐልዋው አሁንም እጄ ላይ እንዳለ ያወቅኩት።

ዛሬ ጠዋት አንድ የማውቀው ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን አየና የጠየቀኝ ባለቤቴ የጠየቀኝን ነው። "ቀብድ ተቀብሏል?" አልተቀበለም። ቀጥሎ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣና ቁጥር 1885ን አሳየኝ። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሰውየው የእኔን 100 ሺህ በውል ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ሊሸጥ ሲል 200 ሺህ ይከፍለኝ ነበር። የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ ሕግ ፊት አይቆምም። በእጄ ያለው እኔ ብቻ የፈረምኩበት ወረቀት ነው። እሱን የሚያስር አንዲት መስመር የለችበትም።

እጄን የገፋው አክብሮኝ አልነበረም። ራሱን ነፃ እያደረገ ነበር። ወረቀቱን ያስጻፈኝም ለሚስቱ ሊልክ ሳይሆን ለሚቀጥለው ገዢ "ይኸው ይህን ያህል ተሰጥቶኛል" ብሎ ሊያሳይ ነው። የእኔ ዋጋ የእሱ መነሻ ሆነ።

ጽሑፉን ዛሬውኑ ያወጣሁበት ምክንያት አለኝ። ቤቱ አሁንም አልተሸጠም። እኩለ ቀን ላይ ደላላው ፎቶውን ከእኔ ሱቅ ሦስተኛው ሱቅ ላለች ልጅ በቴሌግራም ላከላት። የኒም ዛፉን አይቼ ነው ያወቅኩት። ዋጋው አሁን 4 ሚሊዮን 300 ሺህ ሆኗል። "ባለቤቱ ቀብድ እንኳ አይፈልግም፣ የእምነት ሰው ነው" ብሏታል።

ቤት ስታዩ ቀብድ አልቀበልም ያላችሁን ሻጭ እዚያው ተሰናበቱት። ዋጋችሁን በወረቀት አትጻፉ፤ የምትጽፉ ከሆነ ሻጩም ይፈርም፣ እስከ ስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥም ይጻፍበት። ሚስት ወይም ባል ውጭ አገር ናቸው ከተባላችሁ ራሳችሁ በስልክ አነጋግሯቸው። መልሱን በእጃችሁ ሳትይዙ ሌላውን ቤት አትልቀቁ፣ ወርቅም አትሽጡ።

ሳቢያን፣ ለገሀሬ ወይም ከዚራ ባለቤቱ ራሱ፣ ያለ ደላላ የሚሸጠው ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቀብዱ በእጄ ነው።