የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት በቱሉ ዲምቱ፦ ሒሳቡ ሠምሯል፣ ታሪኩ ይቀረዋል

የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወዲያ በኪራይ ግቢ ውስጥ በሚሰጥ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ስትማር ቆይታለች። አስጠኚዎቹ ሲመዘግቡን የገቡልን ቃል የመንግሥትን የመማሪያ መጻሕፍት ሳይለውጡ ከኦርቶዶክሳዊ እምነት ጋር አያይዘው እንደሚያስተምሩ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስለሚደነግግ፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት የማይገኘውን ይህን ማያያዝ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ የምንፈልግ ወላጆች ጥቂት አይደለንም።

የሒሳቡ መምህር ቃላቸውን ጠብቀዋል። ማካፈልና ቀሪ ላይ ሲደርሱ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን አመጡ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2018 ሲደመሩ 7518 ይሆናሉ፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ «አሐዱ አእትት ለዘመን» (ከዘመኑ አንድ አንሣ) ተብሎ አንድ ሲቀነስለት ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 18 ሆነ፤ ሁለቱ ተደምረው እንደ ደንቡ 30 ስለሞሉ ስሌቱ ልክ መሆኑን ልጄ ራሷ አረጋገጠች። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ የሚሰላው የዐቢይ ጾም መግቢያ በየዓመቱ ለምን እንደሚለዋወጥ ያን ዕለት ማታ ለአያቷ ስታስረዳ ሰማሁ። መጽሐፉም ሳይነካ፣ እምነቱም ሳይለጠፍ ሁለቱ በአንድ ደብተር ላይ ተገናኝተዋል።

የታሪኩ ክፍለ ጊዜ ግን አሳዝኖኛል። የሰው ልጅ አመጣጥ ምዕራፍ ላይ ልጄ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ስለተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ስለምትባለው ድንቅነሽ ብትጠይቅ፣ መምህሩ «ለፈተናው ሸምድጂው፣ ከልብሽ ግን አታስገቢው» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። እንዲህ ያለው መልስ ልጅን ሁለት ምላስ ያስለምዳል እንጂ እምነቷን አያጸናም። ዕድሜው ከእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ እንዴት እንደሚለካ ማስረዳት፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥነ ፍጥረት የምታስተምረውን ሳይሸፋፍኑ ከጎኑ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ይህን ያህል ጥያቄ የምትሸከም ልጅ ናት።

ክፍያው የሚያማርር አይደለም፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ጠባብ ናቸው፤ የመንገዱን ጭቃ ለአካባቢው ሰው አልነግርም። ሒሳቡን ብቻ እንድትቀጥል ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በታሪኩ ሰዓት ልጄንና መጽሐፏን ይዤ፣ ታክሲ እየቀያየርን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም እንሄዳለን።