«ከፍለህ ፈርምና ሂድ» የሚለውን ስምምነት አትቀበሉ

ውድ ሸማቾች፣ ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ በእኔ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ከሌላ ሱቅ የገዛሁትን አንድ ጣሳ የሕፃን የዱቄት ወተት በፌስታል ይዤ ገብቼ ስወጣ፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ «ይህ በደረሰኝህ ላይ የለም» ብሎ አስቆመኝ፤ ወዲያውም ሁለት ሆነው ከደረጃው ሥር ወዳለ የዕቃ ማከማቻ አስገብተው በሩን ዘጉብኝ። ኪሶቼን ፈተሹ፤ መታወቂያዬንም ያዙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የመጣው ኃላፊ፣ የዕቃውን ዋጋ አሥር እጥፍ ከፍዬ «ሰርቄአለሁ» የሚል ወረቀት ከፈረምኩ እንደሚለቁኝ፣ አለዚያ ፖሊስ እንደሚጠሩ ነገረኝ። የጣሳውን ወተት የሚጠብቅ ሕፃን ቤት ውስጥ ነበረና ከፈልኩ፤ ፈረምኩም። የጣሳውን ደረሰኝ ያገኘሁት ማታ ከመኪናዬ ወንበር ሥር ነው።

ያ ቀርቦልኝ የነበረው ምርጫ ምን ያህል የተዛባ እንደነበር የተረዳሁት ሕጉን ካነበብኩ በኋላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50፣ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ግለሰብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዘው ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ያለ በቂ ምክንያት ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። በዚህ ድንጋጌ የጥበቃ ሠራተኛ ከሌላው ሰው የተለየ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ፖሊስ መጥራት በእናንተ ላይ የሚሰነዘር ማስፈራሪያ ሳይሆን የያዛችሁ ሰው የሚጠበቅበት ግዴታ ነው። ከመጠን በላይ አቆይቶ በገንዘብ መደራደር የመያዙን ሕጋዊነት ያሳጣዋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ከሕግ ውጭ ሰውን መያዝና ማገት እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ያስቀጣል።

ፍተሻውም እንዲሁ ነው። በየሕንፃው መግቢያ የለመድነውን ፍተሻ የምንቀበለው በፈቃዳችን ነው፤ ያልፈቀደ ሰው ሳይገባ ተመልሶ መሄድ ይችላል። በዝግ ክፍል ውስጥ ኪስና ቦርሳ በግድ መበርበር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 11 ሰው ሕግ ከፈቀደው ውጭ እንዳይፈተሽ ይጠብቁታል። (በዚህ ሁሉ ጥበቃዎቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ በአነስተኛ ደመወዝ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ ትእዛዙ ደግሞ የሚመጣው ከአሠሪው ነው።)

ዕቃውን በእርግጥ ሳትከፍሉ የወጣችሁ ቢሆን እንኳ የምትመልሱት ዕቃውን ወይም ዋጋውን ነው፤ ቅጣት የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ የሱቅ ኃላፊ አይደለም። ስለዚህ ሳትጋፉና ሳትሸሹ «ፖሊስ ይጠራልኝ፣ ካሜራውም ይታይ» በሉ፤ ከዚያ ውጭ ምንም አትፈርሙ፤ መታወቂያችሁንም አታስረክቡ።

እንደ እኔ አስቀድሞ ለፈረመ ሰው በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1709፣ በመብት መጠቀምን ማስፈራሪያ አድርጎ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት የተደረገ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚቻል ይናገራል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን ማስገደዱ ካበቃ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የካሜራ ምስል በላዩ ሌላ እየተቀዳበት ስለሚጠፋ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ መጠበቅ ያስቸግራል። እኔ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ፣ የገባሁበትን ሰዓት ጠቅሼ፣ የማከማቻው በርና የመውጫው ካሜራ ምስል ሳይጠፋ እንዲያዝልኝ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ የማመልከቻዬንም ቅጂ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጬዋለሁ።