ስፓኒሽ መማር ለምትፈልጉ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች

ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ሆናችሁ ቀለም ቅብ፣ ጽዳት ወይም ሬስቶራንት ከሳልቫዶር ልጆች ጋር ለምትውሉ አንዲት የስፓኒሽ መምህር ልጠቁማችሁ። የሳን ሳልቫዶር ሰው ናቸው፤ እኛ «ማኤስትራ» ነው የምንላቸው።

ማኤስትራ የቃላት ዝርዝር አያሸመድዱም። አንድ ተራ ቃል ይይዙና እስኪበቃችሁ ድረስ እያገላበጡ ያሳዩዋችኋል። «ማኖ»ን ውሰዱ፣ እጅ ማለት ነው። በ«ኦ» የሚያልቅ ስም አብዛኛውን ጊዜ በወንድ ይጠራል፤ ይሄኛው ግን በሴት፣ «ላ ማኖ» ነው። ከላቲን ይዞት የመጣ ጠባይ ነው ብለው አለፉት። ከዚያ ወደ ሥራችን ገቡ። ቀለም ቀቢው «ዶስ ማኖስ» ካለ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ይቀባል። «ማኖ ዴ ኦብራ» የሠራተኛው ጉልበት ነው፤ ሂሳብ ሲጻፍ ከዕቃው ዋጋ የሚለየው። «ኤቻሜ ኡና ማኖ» ካሏችሁ አግዙኝ እያሏችሁ ነው።

የእኛን ሰው ግራ የሚያጋባው «ዳር ላ ማኖ» ነው። ቃሉን ካያችሁት እጅ መስጠት ነው፣ ግን የተሸነፈ የለም፤ መጨባበጥ ነው። ለሽንፈቱ «ሬንዲርሴ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው።

አንድ ማታ ደግሞ የፑፑሳ (የአገራቸው ቂጣ) ሊጥ ይዘው መጡ። የበቆሎውን ሊጥ በመዳፋቸው እየጠፈጠፉ፣ አይብ እየከተቱ፣ ጣቶቻቸው እንደተለወሱ «ኮን ላስ ማኖስ ኤን ላ ማሳ» አሉን። እጁ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ማለት ነው፤ እኛ እጅ ከፍንጅ ተያዘ የምንለው። (ፑፑሳውም ግሩም ነበር።)

«ማኖ ዱራ»ንም ያስረዳሉ። «ጠንካራ እጅ» ማለት ሲሆን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የኤል ሳልቫዶር ፕሬዚዳንት የፍራንሲስኮ ፍሎሬስ መንግሥት በወሮበላ ቡድኖች ላይ የጀመረው ዘመቻ መጠሪያ ነበር። የሥራ ባልደረቦቻችሁ ፖለቲካ ሲያነሱ ትሰሙታላችሁ።

ሰዋስው በሠንጠረዥ ተደርድሮ እንዲሰጠው የሚፈልግ፣ ፈተና ያለበት ሰው ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል። የቤት ሥራ ሳይሠሩ መሄድም አያዋጣም፣ በዚህ ጨዋታ አያውቁም። እኔ ግን አለቃዬ በስፓኒሽ ሲያዘኝ ዞር ብዬ አስተርጓሚ መፈለግ ትቻለሁ። ማኤስትራ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ትምህርቱ ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።