ለኮንዶሚኒየም ቤት የውሃ ማጣሪያ፦ የቱ ለማን ይሆናል?

በየሳይቱ የነዋሪዎች ግሩፕ ላይ «የቱን ማጣሪያ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ጠፍቶ አያውቅም። መልሱ ሁልጊዜ የዕቃ ስም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የውሃውን ችግር እጠይቃለሁ። ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ነገር ይጋግራል? ልጆቹን ጃርዲያ ይመላለስባቸዋል? ወይስ ቤቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው? እነዚህ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

አዲስ አበባ ውሃዋን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በደቡብ በኩል ካሉት የአቃቂ ጉድጓዶች ታገኛለች። የግድብ ውሃ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል። የጉድጓድ ውሃ ግን በድንጋይ መሀል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል፤ የውሃ ጥንካሬ የሚባለው ይኼ ነው፣ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋግረው ነጭ ነገርም ከዚሁ ይመጣል። በሰፈር ስም ብቻ አትገምቱ፤ ውሃው ሊቀላቀል ይችላል፣ የራሱ ጉድጓድ ያለው ግቢም አለ። ቀለሙን ቀይሮ ጥንካሬውን የሚያሳይ የመለኪያ ወረቀት አለ። በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ከ180 በላይ ከሆነ በጣም ጠንካራ ይባላል።

ነጩን ቅርፊት ያየ ሰው ወዲያው ኩላሊቱን ያስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ገደብ የለም። ጉዳቱ በዕቃ ላይ ነው፤ የቦይለሩ ማሞቂያ ይጋግራል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሳሙና ይባክናል። ማንቆርቆሪያውን አቼቶ ወይም ሎሚ በገባበት ውሃ አፍልቶ ማሳደር ይበቃል።

ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ሶፍትነር የሚባለው ማለስለሻ ነው። ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ በየጊዜውም በጨው ውሃ መታጠብ አለበት። ጀርም አይገድልም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ አፓርታማ እንዲገዛ አልመክርም። ድሬዳዋ ላይ ግን ሌላ ነው። የድሬዳዋ ጉድጓድ ውሃ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ስለሆነ ቧንቧ ሳይቀር ይደፍናል፤ እዚያ የብሎኩ ኮሚቴ ገንዘብ አዋጥቶ ለሕንፃው አንድ ትልቅ ቢያስገባ ያዋጣል። የሚጠጣው መስመር ሳይለሰልስ ቢቀር ይሻላል፤ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ።

አዲስ አበባ ላይ የሚያሳስበኝ ጀርሙ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ከውጭ ያለው ቆሻሻ በስንጥቁ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ውሃው ሮቶ ውስጥ ቀናት ይቀመጣል፤ ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል። ክዳኑ የተከፈተ ወይም ለዓመታት ያልታጠበ ሮቶ ካለ ገንዘቡ መጀመሪያ ለእሱ ይዋል።

ለጀርም በጣም አስተማማኙ ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በዚያውም ካልሲየሙ በከፊል ከታች ይዘቅጣል። ችግሩ መብራትና ጊዜ ነው። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ርካሽ ነው፣ ባክቴሪያንም ይገድላል፤ ጃርዲያንና አሜባን ግን ቶሎ አይጥልም። እዚህ ላይ የሸክላ ማጣሪያው ይበልጠዋል። ከላይ የተሞላው ውሃ በሸክላው ውስጥ አልፎ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ጥሩ ሸክላ ጃርዲያንም አሜባንም ባክቴሪያንም ያስቀራል። መብራት አይፈልግም፣ የቧንቧ ግፊትም አይፈልግም። ቫይረስ ስለሚያሳልፍ ጨቅላ ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ያፍላው። ሸክላው ከተሰነጠቀ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ስታጥቡት በደንብ እዩት። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ አፓርታማ እኔ የምመርጠው ይኼን ነው።

አርኦ (RO) የሚባለው ማጣሪያ ውሃን በግፊት በጣም ስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፋል፤ ጨውንም ፍሎራይድንም በአብዛኛው ያስቀራል። ወንጂ ወይም ዝዋይ አካባቢ ጉድጓድ ለሚጠጣ ቤት ዋጋው ይገባዋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። የልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው፣ ሲብስም አጥንት የሚጎዳው እሱ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይጠራቀማል። ተራ የሸክላ ማጣሪያም አይይዘውም።

ለአዲስ አበባ ግን አርኦ ብዙ ጣጣ አለው። የሮቶ ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያለ ቤት ከዚያም በጣም ያነሰ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑም መብራት ይፈልጋል። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ደግሞ አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስት ሊትር ያህል ያፈሳሉ። ውሃ በጀሪካን በሚቆጠርበት ብሎክ ይህ ቀላል አይደለም። ቢያንስ የሚፈሰውን በባልዲ ተቀብላችሁ ለሽንት ቤት ተጠቀሙበት።

የአርኦ ሻጭ ሁለት ብረት ያለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ የቧንቧችሁን ውሃ ቡናማ ሲያደርገው አትደንግጡ። ያ ቀለም ከራሱ ብረት የወጣ ዝገት ነው። የአርኦ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ጥርት ብሎ ይቀራል። ቁጥር የሚያሳየው ትንሽ ሜትርም የተሟሟውን ማዕድን ብቻ ነው የሚለካው፤ ስለ ጀርምም ሆነ ስለ ፍሎራይድ የሚነግራችሁ የለም። ይልቅ መለዋወጫ ፊልተሩ የት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሆነና በስንት ወር እንደሚቀየር ጠይቁት፤ ጊዜው ያለፈ የካርቦን ፊልተር ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።