ጅማ ውስጥ እግሩ የተቆረጠ የጫካ እንጉዳይ እንዳትገዙ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ። ትናንት ጠዋት 6 ኪሎ የጫካ እንጉዳይ በ2,700 ብር ገዛሁ። ዛሬ እንጉዳዩ ጓሮ ውስጥ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። የሠራሁት ወጥ ከነድስቱ ተደፍቷል። ምሳ ካዘዙኝ 14 ሰዎች ግማሾቹ ስልኬን አያነሱም።

የሱቁን ስም አልጠራም። የጅማ ሰው ግን ዓይነቱን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ በራቸው ላይ ቅርጫት ይደረድራሉ፣ የሚያምረው ከፊት፣ ጆንያው ከኋላ። «ዛሬ ጠዋት ከበለጠ ጫካ የወረደ ነው» ይላሉ። ሚዛኑ ከባንኮኒው ጀርባ ነው፣ ቁጥሩ አይታይም። ደረሰኝ የለም። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ እሱም በሱቁ ስም ሳይሆን በአንዱ ልጅ ስልክ።

እኔ ቤቴ ምሳ እየሠራሁ በትእዛዝ የማደርስ ሰው ነኝ። ፍልሰታ ሲገባ ሥራዬ ይበዛል። ሽሮና ምስር የሰለቸው ሰው እንጉዳይ ጥብስ ይጠይቀኛል። ሌላ ጊዜ የምገዛው በገለባና በቡና ገለፈት ላይ የሚያበቅሉትን ነው፣ ያ አስተማማኝ ነው። የኩይሳ እንጉዳይ ግን ጣዕሙ ሌላ ነው። ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ሲጠበስ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ዘንድሮ ደንበኞቼን ላስደስት ብዬ ነው የገባሁበት።

በጣም የሚያበግነኝ ደግሞ እንጉዳይ የማላውቅ ሰው አለመሆኔ ነው። ያደግኩት ሰቃ በኩል አያቴ ጋር ነው። ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሲያባራ ወደ ኩይሳው ይዛን ትወጣ ነበር። እንጉዳዩን ከላይ አትጎትተውም። እጇን ወደ ታች ሰድዳ እግሩን ከመሬቱ ጋር ትይዘዋለች፣ ግራ ቀኝ ቀስ አድርጋ ትነቀንቀዋለች፣ ከዚያ ረጅም ጭራው ተከትሎ ይወጣል። ትልቁ የኩይሳ እንጉዳይ ጭራ አለው። ወደ ታች እየቀጠነ ምስጦቹ ጋ ድረስ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ምስጦቹ እንጨትና ቅጠል አኝከው ከሠሩት እርሻ ላይ ነው የሚበቅለው። በዶማ መቆፈር ክልክል ነበር። «እርሻቸውን ካፈረሳችሁባቸው ለከርሞ ምን ልትበሉ ነው?» ትለን ነበር። ያነሳነውን ደግሞ አንድ በአንድ ታየዋለች። ጭራ የሌለውን ትጥለዋለች፣ ተቆርጦብን እንኳን ቢሆን። ቅርጫቷ ውስጥ ኮባ አንጥፋ ነው የምትደረድረው፣ ይተነፍሳል፣ አይልብም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የተታለልኩት።

ሱቁ የደረስኩት 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ከፊቴ ልጅ ያዘለች ሴት 1 ኪሎ ገዝታ ወጣች። ቅርጫቱን አየሁት፣ የሚያምር ነው። ቡናማ ቆብ፣ መሐሉ ላይ ሾጠጥ ያለ፣ ጭራው ከነአፈሩ። አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። እንደ አያቴ ጭራውን ይዤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ልጁ ሳቀና «እናቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ይህቺ አንዲት ቃል ናት ያዘናጋችኝ። ከዚያ በኋላ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀውን አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም።

የመረጥኩትን ወደ ጎን ለየልኝ። «አፈሩን በኪሎ አትግዢ፣ ላጽዳልሽ» ብሎ ቅርጫቱን ከባንኮኒው ጀርባ አወረደው። የቢላዋ ድምፅ ይሰማኛል። በዚህ መሐል ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ስልክ ቁጥር ነገረችኝና «አሁኑኑ ላኪው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አለችኝ። ቁጥሩን ስጽፍ፣ ስሙን ስታረጋግጥ፣ የምስጢር ቁጥሬን ሳስገባ፣ መልእክቱ እስኪደርስ ስጠብቅ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ቀና ስል ሁለት ጥቁር ፌስታል ታስሮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ጠብቆ የታሰረ ነው፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። ከልጁ እግር አጠገብ ያለው ጆንያ አፉ ተከፍቷል። ስገባ ተዘግቶ ነበር። አየሁት። አይቼው ወጣሁ። ፌስታሉን ፈትቼ ለማየት አፈርኩ፣ ልጁን የማላምነው እንዳይመስለው አፈርኩ፣ ባጃጁም ይጠብቀኛል። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ የተከፈተ የጆንያ አፍ ነው።

ቤት እንደደረስኩ የምታግዘኝ ልጅ የመጀመሪያውን ፌስታል ተቀበለችኝ። ከላይ ያለው ጥሩ ነበር፣ እኔ የመረጥኩት ነው። አጥባ፣ ቀዳዳ፣ ከተቁላላው ሽንኩርት ላይ ጨመረችው። እኔ ሁለተኛውን ፈታሁ። ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ያደረ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። እንጉዳዩ ልቦ ውሃ አቋጥሯል። ጣቴን ስሰድ ሟለለ። እግር የሚባል የለውም፣ ሁሉም ከቆቡ ሥር ተቆርጧል። አንዱን ገለበጥኩት። ከቆቡ ሥር የሚደረደረው ስስ ነገር በኩይሳ እንጉዳይ ላይ ነጭ ወይም ወደ ሮዝ የሚወስደው ነው። ይኸኛው ግራጫ ሆኖ አረንጓዴ ጥላ አለው። ሌላ አነሳሁ፣ እንደዚያው። በቀረችው ቁራጭ እግር ላይ እግሩን የሚከብ የቀለበት ቅሪት አለበት።

«አውርጂው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ደነገጠች። ድስቱን ራሴ አንስቼ ጓሮ ደፋሁት፣ ዘይቱም፣ ቲማቲሙም፣ ሁሉም። ከላዩ ጥሩ ነበር ብዬ አላዳንኩትም፣ አንዱ ከአንዱ ተነካክቷል፣ የትኛው የት እንደገባ በምን አውቃለሁ?

ፌስታሉን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ከሩቅ ሲያየኝ ወደ ጓሮ ገባ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፌስታሉን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችውና «ሴትዮ፣ እኛ አጽድተን ነው የምንሸጠው» አለች። ከአንድ ሰዓት በፊት «እናቴ» ነበርኩ። የመረጥኩት ይኼ አይደለም አልኳት። «የጫካ ነገር ነው፣ ጫካውን ጠይቂ።» እግሩ ለምን ተቆረጠ? «ስትነቅዪው ዘሩ ይጠፋል፣ መቁረጥ ነው ለጫካው የሚጠቅመው።» ይኼ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው? ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፣ ባለቤቱ ይሁን ዘመዳቸው አላውቅም፣ ስልኩን እያየ መለሰልኝ። «ትል አለበት አይደል? ትል መርዝ አይበላም። ብይው።» ሳቁ። ሁለቱም። ገንዘቤን ስል ደግሞ «ማን ስልክ ላይ ነው የላክሽው? እሱ ዛሬ የለም» አለችኝ። የሌለው ልጅ ድምፅ ከጓሮ ይሰማኛል፣ ሙዚቃ ከፍቷል።

በብሩ ብቻ ቢሆን እዚህ አልጽፍም ነበር። የሰው ሕይወት ላይ ነው የሳቁት።

ትሉ ነገር ውሸት ነው። ሰው የሚገድለውን እንጉዳይ ትልም ቀንድ አውጣም ይበላዋል፣ ምንም ሳይሆን። መቁረጥ ለጫካው ይጠቅማል የሚለውም ሽፋን ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አንዱን መሬት እየነቀሉ፣ ሌላውን እየቆረጡ ሞክረውታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ብትነቅሉም ብትቆርጡም በቀጣዩ ዓመት የሚበቅለው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው መሬቱን በእግር ስትረጋግጡት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የሚቆርጡት ለጫካ አዝነው አይደለም። ተቆርጦ ሲመጣ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው።

ይህን በደንብ ያዙልኝ። ከመርዘኞቹ ሁሉ የከፋው ዓይነት እግሩ የሚወጣው መሬት ውስጥ ካለ ከረጢት መሳይ ነገር ነው። ከላይ ሲቆረጥ ከረጢቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ እናንተ ጋ የሚደርሰው የሚያምር ቆብ ብቻ ነው። መርዙ በመቀቀልም፣ በመጥበስም፣ በማድረቅም አይጠፋም። እንደበላችሁም አያምም። ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው ማስታወኩና ተቅማጡ የሚጀምረው። ከዚያ ሰውየው የዳነ ይመስላል። ጉበቱ ግን እየተበላ ነው። ለዚህ ነው አያቴ ጭራ የሌለውን የምትጥለው፣ ምንም መጽሐፍ ሳታነብ።

የእኔው ያ ገዳዩ አልነበረም፣ ይመስገነው። ከዓመታት በፊት እንጉዳይ ማብቀል ስሠለጥን አሠልጣኛችን ያሳየንን ማታ ሞከርኩት። ከተጠራጠርኩት አንዱን ቆብ ከሥሩ ያለውን ወደ ታች አድርጌ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት፣ ብርጭቆ ደፋሁበት፣ አሳደርኩት። የኩይሳው ቢሆን ወረቀቱ ላይ ሮዝ ብናኝ ይተው ነበር። ጠዋት ብርጭቆውን ሳነሳ ወረቀቱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሰነጣጠቀ ክብ ምልክት አለ፣ የደረቀ ጎመን ዱቄት የመሰለ አረንጓዴ። አረንጓዴ ብናኝ የሚተወው ይኼ ትልቅ ነጭ እንጉዳይ በሞቃት አገሮች ብዙ ሰው የሚመረዝበት ነው። በበላችሁ በ1 እና በ3 ሰዓት መካከል አንጀታችሁን እስኪያወጣ ያስታውካችኋል። 14 ሰው ነበር የሚበላው። ከመሐላቸው እርጉዝ ሴት አለች፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ወረቀቱ አሁንም አጠገቤ ነው፣ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል።

ደንበኞቼን አንድ በአንድ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። አንዱ «ታዲያ ድሮም ከየት እየገዛሽ ነበር የምታበይን?» አለኝ። መልስ አጣሁ፣ ትክክል ነው።

የንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሰው ጤና አደገኛ የሆነ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ዕቃ መሸጥን ይከለክላል፣ ደረሰኝ መስጠትም ግዴታ ነው። በእጄ ያለው ማስረጃ ግን የቴሌብሩ መልእክት፣ ወረቀቱና ፌስታሉ ብቻ ነው።

እናንተ ከነእግሩ ከነጭራው ያልሆነ የጫካ እንጉዳይ አትግዙ። «ላጽዳልሽ» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ፌስታሉን ፈትታችሁ ሳታዩ ብር አትላኩ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ አትፈሯቸው። በልቶ ያመመው ሰው ካለ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ትናንት ጠዋት 5 ሰዓት አካባቢ ከእኔ ፊት ልጅ ያዘለች ሴት ከዚያው ሱቅ 1 ኪሎ ገዝታ ወጥታለች። ነጭ ነጠላ ለብሳ ሰማያዊ ዣንጥላ ይዛ ነበር፣ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ነው የሄደችው። የሷም ፌስታል ጥቁር ነው፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። የምታውቋት ካላችሁ እንዳትበላው ንገሯት። በልታውም ከሆነ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ልጁንም ትውሰደው።